«በሕግ አምላክ» ሲባል ሁለቱም ይቆማሉ

የአባቶቻችንን ልማድ የሚያውቅ ሁሉ እንደሚመሰክረው፥ በአገራችን በኢትዮጵያ አንድ ሰው ሌላውን «በሕግ አምላክ ቁም!» ባለው ጊዜ፥ የተባለው ሰው ጉልበተኛም ቢሆን፥ ባለጸጋም ቢሆን መቆም ግዴታው ነበረ። «በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል» የሚለው አነጋገርም የመጣው ከዚህ ነው። ቃሉ ከጦር መሣሪያ ይልቅ የተፈራበት ምክንያት ግልጽ ነው። የሚጠራበት የእገሌ ወይም የእገሊት ስም አይደለምና፤ ሕግ የቆመበት አምላክ ነው። ስለዚህም ቃሉ ሁለቱን ወገን ያስር ነበረ። የተጠራው ይቆማል፤ የጠራውም ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እጁን ሰብስቦ ነገሩን ወደ ዳኛ ለማቅረብ ይገደዳል።

ይህ የቤተ ሰብ ገጻችን ዘወትር ስለ ልጅ አስተዳደግና ስለ ቤት አያያዝ የሚነገርበት ሲሆን፥ ዛሬ ስለ ፖሊስ ሥልጣንና ስለ ሰው መብት መጻፋችን እንግዳ ነገር የሚመስለው አንባቢ ቢኖር አይፈረድበትም። ነገር ግን ፖሊስና ሕዝብ አብዛኛውን ጊዜ የሚገናኙት በመንገድ ላይና በቤት ደጃፍ ነው። ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ፥ አሽከር ለመላላክ ሲወጣ፥ እናት ከገበያ ስትገባ ፖሊስን ያገኛሉ። በዚያች አጭር ጊዜ ምን መናገርና ምን ማድረግ እንደሚገባ ያልተማረ ቤተ ሰብ፥ ወይ በከንቱ ይፈራል፥ ወይ በከንቱ ይደፍራል። ሁለቱም ጉዳት ነው።

ለዚህ ነገር ምሳሌ የሚሆን ስፍራ በአዲስ አበባ ቢፈለግ ከአራዳ የሚቀድም አይገኝም። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ከ1888 ዓ.ም የዐድዋ ድል በኋላ ባሠሩት በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የከተማው ትልቅ ገበያ ይውል ነበረ። ከየአገሩ የመጣው ነጋዴ፥ ባላገርና ወታደር፥ የውጭ አገርም ሰው ሳይቀር በአንድ ሜዳ ሲጋፋ ጠብና ሌብነት አልጠፋም። ስለዚህም ጸጥታ የሚያስከብሩ የአራዳ ዘበኞች ተመደቡ፤ በኋላም በልጅ ኢያሱ ዘመን ትርንቡሌ የተባለው የከተማ ዘበኛ ተቋቋመ።

በዚያ ዘመን ሁለት ሰዎች በገበያ ቢጣሉ፥ አንደኛው «በሕግ አምላክ» ብሎ ሌላውን ካቆመ በኋላ፥ በመንገድ የሚያልፈውን ሽማግሌ ወይም ጨዋ ሰው ዳኛ ሁነን ብለው ይለምኑት ነበረ። የተለመነውም ሰው ሥራ አለብኝ ብሎ ማለፍ ነውር ስለሆነበት፥ በድንጋይ ላይ ተቀምጦ የሁለቱንም ቃል ይሰማ ነበረ። ነገሩ ከፍ ወዳለ ዳኛ የሚሄድ የሆነ እንደሆነ፥ ከሳሽና ተከሳሽ የልብሳቸውን ጫፍ ቋጥረው፥ አንዳንድ ጊዜም በሰንሰለት ተያይዘው አብረው ይሄዱ ነበረ። ቁራኛ የተባለው ይህ ነው። ልማዱ ሥቃይ ያለበት ስለሆነ መቅረቱ መልካም ነው። ሆኖም አንድ ልብ የሚባል ነገር ነበረበት፤ ይኸውም ከሳሹ ክሱን እስኪያስረዳ ድረስ እርሱም እንደ ተከሳሹ መያዙ ነው።

የጥንቱ ሁሉ መልካም ነበረ ማለት ግን ከእውነት መራቅ ነው። ሌባ ሻይ የተባለውን ሥርዓት ማስታወስ ይበቃል። ዕቃ የጠፋበት ሰው አቤት ባለ ጊዜ፥ ለአንድ ትንሽ ልጅ የሚያደነዝዝ መድኃኒት ያጠጡትና ወገቡን በገመድ ይዘው በከተማው ውስጥ ይለቁት ነበረ። ልጁ እየተንገዳገደ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዝ ነበረ። ምስክር አይጠራም፤ ማስረጃም አይቀርብም፤ የተያዘውም ሰው የሚናገረው ቃል አይሰማለትም። የሕፃን እግር ዳኛ ሆኖ ስንቱን ንጹሕ ሰው እንዳስፈረደበት እግዚአብሔር ያውቃል።

በአንጻሩ ደግሞ ዘበኛ ከቶ የማይደርስበት ስፍራ ነበረ። ከአራዳ ዝቅ ብሎ የሚገኘው ሰፈር እሪ በከንቱ የተባለው፥ በጨለማ ሲያልፍ የተዘረፈ ሰው ቢጮኽ የሚደርስለት ስላልነበረ ነው ይባላል። እንግዲህ በአንዲት አራዳ ሁለት ዓይነት መከራ ነበረ ማለት ነው። አንደኛው ሰው ሲጮኽ ጠባቂ አለመኖሩ ነው፤ ሁለተኛው ጠባቂ መጥቶ ያለ ማስረጃ ሰውን መያዙ ነው። የፖሊስና የሕግ ሥራ ሁለቱን መከራ በአንድነት ማራቅ ነው። አንዱን ለማራቅ ሌላውን መጥራት ግን መፍትሔ አይሆንም።

ሥልጣን ከሕግ ሲለይ ምን እንደሚመስል አራዳ በጠላት ወረራ ጊዜ አይታለች። ኢጣልያኖች በ1928 ዓ.ም ከተማውን ይዘው ስፍራውን ፒያሳ አሉት፤ ገበያውንም ወደ ምዕራብ ወስደው መርካቶን አቋቋሙ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ፥ በተከታታይ ቀናት ሰው በመንገድ ላይ እንደተገኘ ተገደለ፤ ቤት ከነነዋሪው ተቃጠለ፤ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያንም እሳት ተለቀቀ። ይህ ሰው ምን አደረገ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። መሣሪያ የያዘ ሰው ምክንያቱን እንዲናገር የማይገደድበት ቀን ይህን ይመስላል።

ከወረራው አስቀድሞ ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም የተሰጠው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት፥ ከሕግ ውጭ ማንም ኢትዮጵያዊ እንዳይያዝና እንዳይታሰር፥ ሕግ ከሚፈቅደው በቀርም ቤቱ እንዳይበረበር ጽፎ ነበረ። ነጻነት ከተመለሰ በኋላም በ1934 ዓ.ም የፖሊስ አዋጅ ወጣ። ከዚያ ወዲህ የፖሊስ ሥልጣን ምንጩ በአዋጅ የተጻፈ ሕግ ነው። የደንብ ልብሱም የዚህ ምልክት ነው።

ይህን ሁሉ ለመጻፍ ያነሣሣንን ነገር አሁን እንናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ማክሰኞ ምሽት፥ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ገደማ፥ በእሪ በከንቱ ይኖሩ የነበሩ አንዲት ባልቴት ወደ ቤታችን መጡ። በነጠላቸው ሥር ምሳ ዕቃ ይዘው ነበረ። ያሳደጉት የልጅ ልጃቸው፥ ዕድሜው ሃያ ዓመት የሆነ፥ በፒያሳ በአንድ ወርቅ ቤት በረዳትነት ያገለግል ነበረ። በዚያ ቀን በአሥራ አንድ ሰዓት ላይ አንድ ቀለበት ጐድሎ ተገኘና ፖሊሶች መጥተው ልጁን ይዘውት ሄዱ። ባልቴቲቱ ወደ ጣቢያው ቢሄዱ በር ላይ የቆመው ዘብ «እማማ፥ ይሂዱ፤ ነገ ይምጡ» ብሎ መለሳቸው። ልጁ በውስጥ ይኑር አይኑር እንኳ አልነገራቸውም።

«ልጆቼ፥ እናንተ ትልልቅ ሰዎች ታውቃላችሁ፤ ለአንዱ ስልክ ደውሉልኝ» አሉን። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ምን አድርጎ ነው ብዬ መጠየቅስ እችላለሁ ወይ? ብጠይቅ ይቆጡብኝ ይሆን?» አሉ።

እውነቱን ለመናገር እጃችን ወደ ስልኩ ሄዶ ነበረ። ያስቆመን ሁለተኛው ጥያቄያቸው ነው። እኚህ እናት ስድሳ ዓመት ያህል በዚህ ከተማ ሲኖሩ፥ ልጃቸው ለምን እንደተያዘ መጠየቅ ወንጀል መስሏቸው ነበረ። ስልክ ብንደውልላቸው ልጁ ያን ምሽት ይወጣ ይሆናል፤ እርሳቸው ግን ሕግ የሚገኘው በትልቅ ሰው ደጅ ነው ብለው እንዳመኑ ይቀራሉ። ደግሞስ የሚደውልለት የሌለው ሰው ልጅ ምን ይሁን? ስለዚህ ነጠላችንን ደርበን አብረናቸው ሄድን።

ተረኛ የነበረው ሳጅን ዘንድ ቀርበን የማንንም ስም ሳንጠራ «የእኚህ እናት የልጅ ልጅ እዚህ ተይዞ እንደሆነ፥ በምን ምክንያት እንደተያዘና መቼ ፍርድ ቤት እንደሚቀርብ ልንጠይቅ መጥተናል» አልን። ሳጅኑ አየት አደረገንና «ጠበቃ ናችሁ?» አለ። «የለም፥ ጎረቤት ነን» አልን። እርሱም መዝገቡን ገልጦ፥ ልጁ በስርቆት ተጠርጥሮ እንደተያዘ፥ የገባበትንም ሰዓት፥ ሐሙስ ጠዋት ዳኛ ፊት እንደሚቀርብም ነገረን። ቀጥሎም ወደ ባልቴቲቱ ዘወር ብሎ «እማማ፥ በሩ ላይ ያለው ልጅ አዲስ ነው፤ ሊነግርዎ ይገባው ነበር» አላቸው። ልጁንም አስጠርቶ ስንቁን ተቀበለ። አያቱ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው። «መቱህ?» አሉት። «የለም፥ እማዬ» አለ።

ሐሙስ ጠዋት በአራት ሰዓት ልጁ ከዳኛ ፊት ቆመ። መርማሪው ተጨማሪ ቀን ጠየቀ፤ ዳኛውም የቀረው ምርመራ ምን እንደሆነ ጠይቀው ካዳመጡ በኋላ በዋስ እንዲወጣ አዘዙ። ቀለበቱ ይገኝ አይገኝ እስከ ዛሬ አልሰማንም። ልጁ ወስዶታል ወይም አልወሰደም ብለን ለመፍረድ እኛ ዳኛ አይደለንም። ሳጅኑም ዳኛ አልነበረም፤ የወርቅ ቤቱ ጌታም አልነበረም። የሕጉ ፍሬ ነገር ይኸው ነው። በጥንቱ ዘመን ቢሆን ኖሮ የሌባ ሻይ ልጅ ከእሪ በከንቱ ደሳሳ ቤቶች በአንዱ መውደቁ አይቀርም ነበረ።

አሁን በዚያ ምሽት የሆነውን ከተጻፈው ሕግ ጋር እናስተያየው። በ1987 ዓ.ም የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 እንደሚለው፥ የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ወዲያው ሊነገረው ይገባል። አለመናገር መብቱ ነው፤ የሚናገረውም ቃል ማስረጃ ሊሆንበት እንደሚችል ይነገረዋል። ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ የሚያስፈልገው የመንገድ ጊዜ ሳይቆጠር፥ በ48 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት ይቀርባል። ሕግ ከሚለየው ነገር በቀር በዋስ የመውጣት መብት አለው። በማስገደድ የተገኘ የእምነት ቃልም ተቀባይነት የለውም። አንቀጽ 21 ደግሞ ባል ወይም ሚስት፥ የቅርብ ዘመድ፥ ወዳጅ፥ የሃይማኖት አባት፥ ሐኪምና የሕግ አማካሪ እስረኛውን እንዲጎበኙት ይፈቅዳል። እንግዲህ ባልቴቲቱ ምሳ ዕቃ ይዘው መሄዳቸውና ልጄን ላየው ማለታቸው ልመና አልነበረም፤ መብት ነበረ።

ይህ ነገር ትናንት የተፈጠረ አይደለም። የ48 ሰዓቱ ደንብ በ1948 ዓ.ም በተሻሻለው ሕገ መንግሥትና በ1954 ዓ.ም በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ተጽፎ ነበረ። አገራችን ታኅሣሥ 1 ቀን 1941 ዓ.ም የተባበሩት መንግሥታት የሰውን ልጅ መብት መግለጫ ሲያጸድቁ ከደገፉት 48 አገሮች አንዷ ናት። መግለጫው ማንም ሰው በዘፈቀደ እንዳይያዝ ይላል።

የቤትን ነገር ስንመለከት፥ የ1954 ዓ.ም ሕግ ፖሊስ ቤት ለመበርበር የፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዲይዝ ያዛል። ወንጀለኛ በትኩስ እግር ሲባረር ገብቶ የተሸሸገበትን ቤት፥ ማስረጃውም ትእዛዝ እስኪወጣ ድረስ ይሸሻል ተብሎ በበቂ ምክንያት የሚጠረጠርበትን ከባድ ወንጀል ከዚህ ለይቶታል። ሰዓቱንም ወስኖአል፤ ፍርድ ቤት ሌላ ካላዘዘ በቀር ብርበራ የሚደረገው ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ማታው አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። የተያዘች ሴት ልትፈተሽ የሚገባ ሲሆንም የምትፈትሻት ሴት ናት። ስለዚህ የቤት እመቤት ደጃፏ ሲንኳኳ «ትእዛዙን ላንብበው» ብትል ፖሊሱን መድፈሯ አይደለም። አንብባም ትእዛዙ የተሟላ ሆኖ ካገኘችው በሯን ከፍታ ቆማ ታሳየው፤ ከቤቱ የሚወጣውም ዕቃ በዝርዝር እንዲጻፍ ትጠይቅ።

የሕዝብም ግዴታ አለ። ፖሊስ ቁም ያለው ሰው ይቁም፤ ስሙንና ማንነቱን ሲጠየቅ በእውነት ይናገር። አላግባብ ተያዝሁ ብሎ ቢያምን እንኳ ክርክሩን ለዳኛ ያቆየው እንጂ በመንገድ ላይ አይታገል፤ ታግሎ ያሸነፈ የለምና። ጉቦ ከቶ አይስጥ፤ ዛሬ በሃምሳ ብር የተገላገለ ሰው ነገ ለሚይዘው ድሃ ዋጋ ተምኖበት ይሄዳል። ምስክር ሲባል አይሽሽ። ጎረቤትም እሪታ ሲሰማ ይውጣ። የ1954 ዓ.ም ሕግ በአንቀጽ 19 ወንጀል ተሠርቶ ሕዝብ ሲያባርር ወይም እሪታ ሲሰማ፥ ነገሩን እጅ ከፍንጅ እንደ ተያዘ ወንጀል ሊቈጥረው ወዷል። እሪታ በሕግ ፊት ከንቱ አይደለም ማለት ነው።

ይህን ብንልም ሕዝቡ ጣቢያን የሚፈራው በከንቱ አይደለም። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም በቀይ ሽብር ጊዜ እናቶች በየቀበሌውና በየእስር ቤቱ ደጅ ስንቅ ይዘው ይቆሙ ነበረ፤ ስንቁ የተመለሰባት እናት ልጇ እንደ ሞተ ትረዳ ነበረ። ከፒያሳ ብዙ ሳይርቅ ይገኝ የነበረው ማዕከላዊ የምርመራ እስር ቤትም በተለያዩ መንግሥታት ዘመን ሰው የተሠቃየበት ነበረና፥ በ2010 ዓ.ም እንዲዘጋ መንግሥት አስታወቀ። ያን ዘመን ያየች አያት በር ላይ «ነገ ይምጡ» ስትባል የምትሰማው ሌላ ቃል ነው። ስለዚህ የአንድ ዘብ አነስተኛ ቸልታ በእርሷ ዘንድ አነስተኛ አይደለችም። የ1997 ዓ.ም የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 423 ከሕግ ውጭ የሚያስረውን፥ በአንቀጽ 424 ደግሞ የተያዘውን ሰው የሚደበድበውንና የሚያንገላታውን ሹም እንደሚቀጣ መደንገጉ ስለዚህ ነው።

በእንግሊዝ አገር በፈረንጆች አቈጣጠር በ1829 ዓ.ም የለንደን ፖሊስ ሲቋቋም፥ ሕዝቡ አዲሱን ኃይል እጅግ ተጠራጥሮት ነበረ። ከተደረጉት ነገሮች አንዱ የእያንዳንዱን ፖሊስ መለያ ቍጥር በአንገትጌው ላይ ማኖር ነው። ሥልጣን የያዘ ሰው ማንነቱ ሲታወቅ፥ በጎውም ሥራው አይሰወርም፤ ክፉውም ለአቤቱታ ይመቻል። ስሙንና ማዕረጉን ሲጠየቅ በቀና ቃል የሚናገር ፖሊስ ራሱን አላዋረደም፤ የደንብ ልብሱን አክብሯል።

አሁን ቃላችን ወደ እናንተ፥ ሹመትና ማዕረግ ወዳላችሁ አንባቢዎቻችን ነው። ልጃችሁ ወይም ሹፌራችሁ በተያዘ ጊዜ፥ የጣቢያውን አለቃ በስልክ አግኝቶ ማስፈታት ለእናንተ ቀላል ነገር ነው። ነገር ግን አለቃው በዚያች ሰዓት የሚማረው ምንድር ነው? መዝገብና ዳኛ ለተራ ሰው፥ ስልክ ለትልቅ ሰው መሆኑን ነው። የእናንተም ልጅ የሚማረው ይህንኑ ነው። ሹመት ደግሞ ያልፋል። በዘመናችን ትናንት በስልክ ያስፈታ ሰው ዛሬ ራሱ ታስሮ፥ የሚደውልለት አጥቶ ያየንበት ጊዜ ብዙ ነው። ያን ቀን የሚያድነው ሕጉ ብቻ ነው፤ ሕጉ ግን የሚጠነክረው ባልተቸገርንበት ቀን ስናከብረው ነው። እንግዲህ ወደ ጣቢያው መሄድ ካስፈለገ ሂዱ፤ ስማችሁን አስቀርታችሁ ባልቴቲቱ ልትጠይቅ የሚገባትን ጥያቄ ጠይቁ።

በቤትም ውስጥ አንድ ክፉ ልማድ አለን። ልጅ ሲያለቅስ «ዝም በል፥ ፖሊስ መጣልህ» ብለን እናስፈራራዋለን። እንዲህ ሆኖ ያደገ ልጅ መንገድ ሲጠፋበት ወደ ፖሊስ አይቀርብም፤ ሲያድግም ፖሊስን ወይ ይሸሻል ወይ ይጠላል። ይልቁንስ ልጆቻችንን ሦስት ነገር እናስተምራቸው። ፖሊስ ሲጠራህ ቁም፤ ስትጠየቅ በትሕትና መልስ፤ ለምን እንደተያዝህም በትሕትና ጠይቅ። ለቤት ሠራተኞቻችንም ይህንኑ እንንገራቸው፤ ዕቃ ሲጠፋ ጥርጣሬ አስቀድሞ የሚያርፈው በእነርሱ ላይ ነውና። ዕቃ የጠፋበትም ጌታ ጣቱን ከመቀሰሩ በፊት ያየውን ከሚገምተው ይለይ።

ከ2016 ዓ.ም ወዲህ በፒያሳ አካባቢ ከተማውን ለማደስ በተደረገው ሥራ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል፤ ባልቴቲቱም ወደ ሌላ ሰፈር ተዛውረዋል። በቅርቡ ባገኘናቸው ጊዜ አንዲት አዲስ ጎረቤታቸው ልጇ ተይዞባት ወደ እርሳቸው እንደመጣች አጫወቱን። «ስልክ የሚደውልልሽ ትልቅ ሰው አላውቅም አልኋት። ሂጂና የት ነው፥ በምን ነው፥ መቼ ዳኛ ፊት ይቀርባል ብለሽ ጠይቂ፤ ይህን መጠየቅ አያስቆጣም አልኋት» አሉን። ከዚያም አብረዋት ሄደዋል።

እኛም ለአንባቢዎቻችን የምንለው ከዚህ አያልፍም። በሕግ አምላክ የተባለ ሁሉ ይቁም፤ በሕግ አምላክ ያለም ሁሉ ምክንያቱን ተናግሮ ወደ ዳኛ ይምጣ። ፖሊስና ሕዝብ በዚህ አንድ ቃል ከተገናኙ፥ ሁለቱም ማታ በሰላም ወደየቤታቸው ይገባሉ።